ለመመረቂያ ጽሑፍ ቱሪዝምን ማጥናት፦ ከርዕስ መረጣ እስከ መስክ፣ ላሊበላን ምሳሌ አድርገን

«ቱሪዝም ለኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ያለው አስተዋጽኦ» የሚል ርዕስ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች በየዓመቱ አሉ። ከወራት በኋላ ጽሑፉ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ሲመለስ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቋንቋ አይደለም። ሠንጠረዥ 2 እና ሠንጠረዥ 5 ስለ አንድ ዓመት የተለያየ የጎብኚ ቁጥር ይዘዋል፤ መጠይቁ የጠየቀው ሌላ፣ መደምደሚያው የሚናገረው ሌላ ነው። ሁሉም ሊታረም የሚችለው ግን መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አንድ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል፤ የላሊበላ ከተማ አስጎብኚዎች ኑሮ። የእናንተ ቦታ ጎንደር፣ ሐረር፣ ኮንሶ ወይም ባሌ ቢሆን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። «ዓ.ም.» ያልኩት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያኑ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ። በእናንተም ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ እንዲህ አድርጉ፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

• ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አንድ ደብዳቤ አይበቃም። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር፣ ለአስጎብኚዎች ማኅበር፣ ለየሆቴሉ ስሙ ተጠቅሶ የተጻፈ ለየብቻ ይኑራችሁ። ስሙ ያልተጠቀሰበት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

• አንድ ደብተር፣ ለቁጥር ብቻ። የምታገኙት ቁጥር ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ማን ቆጠረው፣ ማንን ቆጠረ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ እናንተ መቼና ከየት ወሰዳችሁት።

• ሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ ካላንደር።

• ኮቦ ኮሌክት የተጫነበት ስልክ። ያለ ኢንተርኔት መጠይቅ ይሞላል፤ መስመር ሲገኝ ይልካል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን የወረቀት ቅጂም ያዙ።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን በአራት ጥያቄ አጥሩት

የት? ማን? ከመቼ እስከ መቼ? ምኑ ይለካል? አራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻላችሁ ርዕስ ገና የላችሁም።

ምሳሌያችንን እንመልሰው፦ «ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በላሊበላ ከተማ ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች የሥራ ቀናቸውና የገቢ ምንጫቸው እንዴት ተለወጠ?» ቦታው፣ ሰዎቹ፣ ጊዜውና የሚለካው ነገር ሁሉ አለ። ይህን ያነበበ ሰው ማንን ሄዳችሁ እንደምትጠይቁ ወዲያው ያውቃል።

«ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል ርዕስ ላይ ለማስቀመጥ አትቸኩሉ። ተጽዕኖ ካላችሁ ቱሪዝሙ ባይኖር ወይም ባይቀንስ ምን ይሆን እንደነበር የምታነጻጽሩበት ነገር ያስፈልጋችኋል። ከሌላችሁ «ለውጥ» ወይም «ሁኔታ» በሉ፤ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ከምታቀርቡበት ቀን ክርክር ታድኑታላችሁ።

ሲበላሽ፦ አማካሪያችሁ «በጣም ጠባብ ነው» ካሉ ቦታ አትጨምሩ፣ የሰዎች ወገን ጨምሩ። ላሊበላ ላይ ጎንደርን ከመደረብ ከአስጎብኚዎቹ ጋር በቅሎ አከራዮችንና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የጎብኚ ጫማ የሚጠብቁትን አብራችሁ ጠይቁ። ከተማ መጨመር ወጪና ደብዳቤ ይጨምራል፤ ወገን መጨመር እዚያው ባላችሁበት የጽሑፉን ጥልቀት ይጨምራል።

ደረጃ 2፦ «ጎብኚ» ማለት ማን እንደሆነ ወስኑ

ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ደረጃ 5 ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ስታቲስቲክስ ምክረ ሐሳብ ጎብኚን የሚለየው በፓስፖርት ሳይሆን በመኖሪያ ነው። ከተለመደ መኖሪያ አካባቢው ወጥቶ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ የሚጓዝ፣ የመጣውም በሄደበት ቦታ ተቀጥሮ ሊሠራ ያልሆነ ሰው ጎብኚ ነው። ካደረ ቱሪስት ይባላል፤ ሳያድር ከተመለሰ የቀን ጎብኚ ነው።

ይህን ወደ ላሊበላ አምጡት። ከዋሽንግተን ለገና የመጣች ኢትዮጵያዊት በዚህ ትርጉም ከውጭ የመጣች ጎብኚ ናት። ከወልድያ ወይም ከደሴ ለገና በእግሩም በመኪናም መጥቶ ያደረ ምዕመን የአገር ውስጥ ጎብኚ ነው። በየዕለት ንግግራችን ግን «ቱሪስት» ስንል ፈረንጅ ማለታችን ነው። ስለዚህ መጠይቃችሁ ላይ «ባለፈው ወር ስንት ቱሪስት መጣ?» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመለስላችሁ የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ እናንተ ግን «አጠቃላይ ጎብኚ» ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ጠይቁ፤ የውጭ አገር ዜጋ፣ ከውጭ የመጣ ኢትዮጵያዊና ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ከአገር ውስጥ የመጣ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ከመጥቀሳችሁ በፊት መርምሩት

እዚህ ቆዩ። የቱሪዝም ጽሑፍ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ደረጃ ነው።

*3.1 ቁጥሩን ከየት እንደምታገኙ*

የአገር አቀፍ መረጃ በአንድ ቤት አይቀመጥም። ድንበርና አየር ማረፊያ ላይ የሚቆጥረው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፤ የቱሪዝም ሚኒስቴር መረጃውን አጠናቅሮ ያወጣል። ብሔራዊ ባንክ በክፍያ ሚዛኑ ውስጥ «ጉዞ» በሚል መደብ የውጭ ምንዛሪውን ይይዛል። ለዓለም አቀፍ ንጽጽር ማድሪድ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት አለ። ለቅርሱ ሁኔታ የዩኔስኮ ድረ ገጽ ላይ የላሊበላን ገጽ ክፈቱ፤ የጥበቃ ሁኔታ ሪፖርቶቹ በነጻ ይወርዳሉ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ የቆየ ሰነድ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ስለተተከሉት መጠለያዎችም እዚያ ታነባላችሁ።

የከተማው ቁጥር ግን ከእነዚህ ከአንዳቸውም አይገኝም። እሱ ያለው በከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና በቲኬት ቢሮው መዝገብ ነው፤ ብዙ ጊዜም በእጅ የተጻፈ ነው።

*3.2 አምስት ጥያቄ ለእያንዳንዱ ቁጥር*

አንደኛ፣ የትኛው ዓመት? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚዘጋው በበጀት ዓመት ነው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የዓለም አቀፉ ድርጅት ቁጥር ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የ2016 በጀት ዓመት ማለት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ማለት አይቻልም።

የሩብ ዓመት መረጃ ካላችሁ ማቀራረብ ይቻላል። ለእ.ኤ.አ. 2023 የ2015 በጀት ዓመትን ሦስተኛና አራተኛ ሩብ፣ ከ2016 የመጀመሪያና ሁለተኛ ሩብ ጋር ደምሩ። ላሊበላ ላይ ግን ይህ ስሌት አንድ ወጥመድ አለው። ሁለተኛው ሩብ የሚዘጋው ታኅሣሥ 30 ነው፤ ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7፣ ሩቡ ሊዘጋ አንድና ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ «2023» ብላችሁ የደመራችሁት የጃንዋሪ 2024ን ገና ይዞ የጃንዋሪ 2023ን ገና ይተዋል። የዓመቱ ትልቁ የሰው ጎርፍ ወደ ሌላ ዓመት ተሻገረ ማለት ነው። መፍትሔው የታኅሣሥን ወር መዝገብ ለብቻው ጠይቆ ማስተካከል፣ ወይም ሁሉንም በበጀት ዓመት ትቶ ከዓለም አቀፉ ቁጥር ጋር አለማነጻጸር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጥምቀት ደግሞ ጥር ላይ ስለሆነ ሦስተኛው ሩብ ውስጥ ይወድቃል፤ «የበዓላት ሰሞን» ብላችሁ ሁለቱን በአንድ ሩብ አታስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ማን ተቆጠረ? የቲኬት ቁጥር የቲኬት ቆራጮች ቁጥር ነው። ለጸሎት የሚገባ ኢትዮጵያዊ ምዕመን የጎብኚ ቲኬት አይቆርጥም። በቲኬት መዝገብ ብቻ የሠራ ተማሪ በገና ሰሞን ከተማውን የሚያጥለቀልቀውን ሕዝብ ሳያየው ያልፋል፤ ምዕመኑ ግን ይበላል፣ ያድራል፣ ሻማና ነጠላ ይገዛል።

ሦስተኛ፣ የት ተቆጠረ? አገር አቀፉ ቁጥር ድንበር ላይ የተያዘ ነው። ቦሌ ላይ የተመዘገበ ሰው ለስብሰባ መጥቶ ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ይመለሳል። ከአገር አቀፉ መቶኛ ወስዳችሁ የላሊበላን ቁጥር በግምት አታውጡ።

አራተኛ፣ በምን ገንዘብ? ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሆቴል በዓመቱ 100 አልጋ በ50 ዶላር ቢሸጥ 5,000 ዶላር ነው። በ57 ብር ሲመነዘር 285,000 ብር፣ በ100 ብር ሲመነዘር 500,000 ብር ይሆናል። አንድም ተጨማሪ እንግዳ ሳይመጣ ገቢው በብር 75 በመቶ «አደገ»። ከዚህ ቀን ወዲህና ወዲያ ያለ የገቢ ንጽጽር ካላችሁ ብሩንም ዶላሩንም አስቀምጡ፤ የተጠቀማችሁበትን የምንዛሪ ቀን ከሠንጠረዡ ግርጌ ጻፉ።

አምስተኛ፣ ገቢ ነው ወይስ አስተዋጽኦ? ለንደን የሚገኘው የዓለም የጉዞና ቱሪዝም ምክር ቤት የሚያወጣው «ጠቅላላ አስተዋጽኦ» ቀጥተኛውን፣ ተዘዋዋሪውንና ሠራተኞቹ መልሰው የሚያወጡትን ሳይቀር ደምሮ ነው። ብሔራዊ ባንክ የሚይዘው የውጭ ምንዛሪ ሌላ ነገር ነው። የመንግሥት ሪፖርት ላይ ያለው የገቢ ቁጥር ደግሞ በባንክ የተመዘገበ ነው ወይስ የጎብኚ ብዛት በአማካይ ወጪ ተባዝቶ የተገኘ? ሪፖርቱ ካልነገራችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። አማካይ ወጪው ከየትኛው ዓመት ጥናት እንደተወሰደም ጠይቁ።

*3.3 ሁለት ቁጥር ሲጋጭ*

አማካኝ አታውጡ። የሚመቻችሁንም አትምረጡ። ሁለቱንም አስቀምጡና በአምስቱ ጥያቄ ለምን እንደተለያዩ ግለጹ። ብዙ ጊዜ ግጭቱ የስህተት ሳይሆን የትርጉም ነው፤ ልዩነቱን ማስረዳት ከቻላችሁ አንድ ጥሩ ንዑስ ክፍል አገኛችሁ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ከተማ ሕዝብ ብዛት ስትጽፉ የመጨረሻው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. መሆኑን አትርሱ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር ትንበያ ነው፤ «ትንበያ» ብላችሁ ጥቀሱት።

*3.4 የተቆረጡ ዓመታት*

ከ2012 እስከ 2016 ያለ መስመር ግራፍ ስትሠሩ መስመሩ ለምን እንደወደቀ ቀኑን ይዛችሁ አመልክቱ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 2013 ጀመረ፤ ላሊበላ በ2013 ሐምሌ መጨረሻ በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ስትተላለፍ ቆየች። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ተፈረመ፤ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እነዚህን ሳይለይ «ቱሪዝም በኮሮና ምክንያት ወደቀ» የሚል ጽሑፍ የአራት ዓመት መከራ ለአንድ በሽታ ሰጠ ማለት ነው። በጦርነቱ ወራት መዝገብ ከሌለ «መረጃ የለም» ብላችሁ ቦታውን ክፍት ተዉት፤ ዜሮ አታስገቡ። ዜሮ ማለት ተቆጥሮ ሰው ታጣ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ያለፉ ጥናቶችን አንብቡ

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ጀምሩ፤ ከዚያ ጉግል ስኮላር። የተቆለፈ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ቤተ መጻሕፍታችሁ በሪሰርች ፎር ላይፍ የተመዘገበ እንደሆነ ጠይቁ፤ በዚያ በኩል ብዙ መጽሔት በነጻ ይከፈታል።

ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስት ነገር ብቻ አውጡ፤ ማንን ጠየቀ፣ እንዴት መረጣቸው፣ ምን ሳይመልስ ቀረ። ሌላውን የመግቢያ ሐተታ እለፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ በቻትጂፒቲና በመሰሎቹ የተሰጣችሁን የጽሑፍ ዝርዝር ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታነቡ አትጥቀሱ። በሌለ መጽሔት፣ በሌለ ርዕስ፣ በትክክለኛ የሚመስል ዓመት የተሞላ ዝርዝር ይሰጣሉ። ገጹ ካልተከፈተ ጽሑፉ የለም ብላችሁ ሰርዙት።

ደረጃ 5፦ ናሙናና መጠይቅ

*ናሙና*

ስንት ሰው እንደምትጠይቁ ለማስላት ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የያማኔን ቀመር ነው። ጠቅላላውን ቁጥር በ0.0025 አባዝታችሁ 1 ትደምሩበታላችሁ፤ ከዚያ ጠቅላላውን ቁጥር በተገኘው ታካፍሉታላችሁ፤ ይህ ለ5 በመቶ ስህተት ነው። 1,200 ሰው ካለ 1,200 በ0.0025 ሲባዛ 3፣ አንድ ሲደመር 4፣ 1,200 ለ4 ሲካፈል 300 ሰው።

ቀመሩ የሚሠራው ግን ስም ዝርዝር ይዛችሁ በዕጣ ስትመርጡ ነው። ቀመሩን ጽፎ ከዚያ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የጠየቀ ተማሪ ቀመሩን ለጌጥ ነው ያስቀመጠው። የተገኘውን ሰው ከሆነ የምትጠይቁት እንዲሁ ብላችሁ ጻፉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዝርዝሩ ላይ ለምሳሌ 120 አስጎብኚ ብቻ ካለ ቀመሩ 93 ይሰጣችኋል፤ ለ27 ሰው ብላችሁ ዕጣ ከምታወጡ 120ውንም ጠይቁ።

አሁን ከሁሉ የሚብሰው ስህተት። ከተማው ውስጥ ያገኛችኋቸውን አስጎብኚዎች ብቻ ከጠየቃችሁ የጠየቃችሁት የቀሩትን ነው። ሥራ ሲጠፋ ወደ አዲስ አበባ የሄደው፣ ወደ አረብ አገር የተሰደደው፣ ባጃጅ የገዛው ወይም ወደ እርሻው የተመለሰው አልተጠየቀም። ውጤታችሁም «አብዛኞቹ ሥራቸውን ቀጥለዋል» ይላል፤ ያልቀጠሉት እዚያ ስለሌሉ። ከማኅበሩ የ2011 ዓ.ም. የአባላት ዝርዝር ለምኑና ከእሱ ምረጡ፤ የሄዱትን በስልክ አግኟቸው።

ሆቴል ላይም ይኸው ነው። የአልጋ ሽያጭ መጠን ማለት የተሸጠው ክፍል ለሽያጭ ለቀረበው ሲካፈል ነው። 40 ክፍል ያለው ሆቴል በ30 ሌሊት 1,200 ያቀርባል፤ 300 ከሸጠ 25 በመቶ። ከከተማው ሆቴሎች ግማሹ ቢዘጉና እንግዳው ወደቀሩት ቢሄድ መጠኑ ከፍ ይላል። የተዘጉትን ሳይቆጥር «የአልጋ ሽያጭ ተሻሻለ» የሚል ጽሑፍ የከተማዋን ጉዳት እንደ መልካም ዜና ያቀርባል።

*መጠይቅ*

«ገቢዎ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ተመስገን ነው» ነው፤ የመልካም አስተዳደግ መልስ እንጂ መረጃ አይደለም። የሚቆጠር ነገር ጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን እንግዳ ይዘው ወጡ?» «ያለፈው ፋሲካ የቤቱ ዋና ገቢ ከማን ሥራ መጣ?» የሩቅ ዓመት ስትጠይቁ በዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን በሚታወስ ነገር ጠይቁ፦ «ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ገና»።

አንድ ጥያቄ አንድ ነገር ይጠይቅ። «በመንገዱና በሆቴሉ አገልግሎት ረክተዋል?» ሁለት ጥያቄ ነው። ከእንግሊዝኛ የተወሰደ መጠይቅ ከሆነ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ሌላ፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሰው፣ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። የማይገጥመውን ዓረፍተ ነገር ጣሉት። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» የሚለው አምስት ሳጥን ለተማረ ወጣት ይሠራል፤ አረጋውያንን ግን በአፍ ጠይቁና መጀመሪያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?»፣ ቀጥሎ «በጣም ወይስ በመጠኑ?» በሏቸው።

ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት በአስር ሰው ሞክሩት። አንድ ጥያቄ ላይ ሦስት ሰው «ምን ማለት ነው?» ካለ ጥያቄው ይለወጥ።

ደረጃ 6፦ መስክ

1. ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታና የአውሮፕላኑን በረራ በስልክ አረጋግጡ፤ እዚያ ከሚኖር ሰው ስሙት። ስጋት ካለ አትሂዱ፤ ደረጃ 7 ለዚህ ነው የተጻፈው።

2. የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ የለም። ደብዳቤ አድርሱ። መጀመሪያ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር፣ ከዚያ ማኅበሩ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ ሁለተኛው ቢሮ «ከላይ ተፈቅዶላችኋል?» ብሎ ይመልሳችኋል።

3. ሰዓቱን እወቁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ የሆቴልና የመደብር ሰው ጊዜ የለውም። እሑድ ጠዋት ካህናቱ ቅዳሴ ላይ ናቸው። አስጎብኚ የሚገኘው ከምሳ ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ጎብኚን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አታስቁሙ፤ ማታ ሆቴል አረፍ ሲል ጠይቁት።

4. ካህናትን «አባ» ወይም «መምህር» ብላችሁ፣ መስቀል ተሳልማችሁ ጀምሩ። የእምነቱ ተከታይ ካልሆናችሁ እጅ ነሥታችሁ ሰላምታ ስጡ። ስለ ቲኬት ገቢ ክፍፍል በመጀመሪያው ጥያቄ አትነሡ፤ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ አልመልስም ካሉም ተቀበሉ።

5. ፈቃድ ጠይቁ። ማን እንደሆናችሁ፣ መልሱ የት እንደሚሄድ፣ ማቆም እንደሚችሉ በአማርኛ አንብቡላቸው። ስም አትጻፉ፤ ቁጥር ስጡ። ድምፅ ለመቅዳት ለብቻው አስፈቅዱ።

6. ማታ ማታ የሞላችሁትን ፈትሹ። ክፍት የቀረ ጥያቄ ካለ ሰውየው ነገም እዚያው ነው፤ ከሳምንት በኋላ ግን እናንተ የላችሁም።

ሲበላሽ፦ «ከገቢዎች ነው የመጣኸው?» ከተባላችሁ አትከራከሩ። መታወቂያና ደብዳቤ አሳዩ፣ የብር መጠን የሚጠይቀውን ዝለሉና የሥራ ቀን ብቻ ውሰዱ። የሥራ ቀን ከብር በላይ የታመነ መልስ ይሰጣል፤ በልምድ ያየሁት ነው።

ሲበላሽ፦ መዝገቡን አሳይተዋችሁ ፎቶ ማንሳት የተከለከለ ከሆነ እዚያው ተቀምጣችሁ በእጅ ገልብጡ፤ በየገጹ ድምሩን ከመዝገቡ ድምር ጋር አስታርቁ።

ሲበላሽ፦ የውጭ ጎብኚ ከታጣ የጎደለውን መጠይቅ በቴሌግራም ለጓደኛ በመላክ አትሙሉ። የፈጠራ መልስ ነው፤ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍና በተመሳሳይ መልስ ይታወቃል። የናሙናውን ቁጥር ቀንሱና ምክንያቱን ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ወደ ቦታው መሄድ ካልተቻለ

ጥናቱ አልሞተም። ሦስት መንገድ አለ። አዲስ አበባ ያሉ አስጎብኚ ድርጅቶችን ጠይቁ፤ ወደ ላሊበላ የሸጡትን ጉዞ በየወሩ ፋይላቸው ውስጥ ያውቃሉ። ከላሊበላ የወጡ አስጎብኚዎችን በስልክ አነጋግሩ። ወይም ጥያቄውን ሳትለውጡ ቦታውን ለውጡ፤ ሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ አስጎብኚም ገበያም አለው። ለውጡን ለአማካሪያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቃል የተስማማችሁት ለፈተና ቀን አይሆንም።

በስልክ ስትጠይቁ ከ20 ደቂቃ አትለፉ፤ ለሰውየው ካርድ ሙሉለት። የሥራ ሰዓቱን ከወሰዳችሁበት መካስ ጉቦ አይደለም፤ መጠኑን ግን ለሁሉም እኩል አድርጉና የአሠራር ምዕራፉ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 8፦ መተንተንና መጻፍ

መረጃውን ወደ ኤክሴል ስታስገቡ ያልተመለሰውን ባዶ ተዉት፤ ዜሮ አታድርጉት። ወርን ከተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽሩ፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ታኅሣሥና ጥር በዓል። ከነሐሴ ወደ ጥር የታየ ጭማሪ የፖሊሲ ውጤት አይደለም።

የአመለካከት ጥያቄዎችን በአንድ መለኪያ ከደመራችሁ የክሮንባክ አልፋ አስሉ፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከ0.7 ካነሰ የትኛው ጥያቄ እንዳወረደው ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሉታ የተጻፈውን ጥያቄ መልሱን ሳትገለብጡ አስገብታችሁት ነው።

መጀመሪያ የአሠራር ምዕራፉን ጻፉ፤ መስኩ ከአእምሯችሁ ሳይጠፋ። ቀጥሎ ውጤቱን፣ ከዚያ ያለፉ ጥናቶችን፣ መግቢያውን መጨረሻ ላይ። መደምደሚያው ላይ ያለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን የሠንጠረዥ ቁጥር በእርሳስ ጻፉ፤ ቁጥር ያጣችሁለትን ዓረፍተ ነገር ሰርዙ። «መንግሥት ለቱሪዝም ትኩረት ሊሰጥ ይገባል» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ይወድቃል። በእሱ ቦታ ከውጤታችሁ የወጣ፣ ለአንድ ቢሮ የሚሰጥ አንድ ምክር አስቀምጡ፤ ለምሳሌ የቲኬት ቢሮው መዝገብ የጎብኚውን መኖሪያ አገር የሚይዝ አንድ ዓምድ ይጨምር።

ደረጃ 9፦ መልሱላቸው

የጸደቀውን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ሁለት ገጽ የአማርኛ አጭር መግለጫ ደግሞ ለአስጎብኚዎች ማኅበር አድርሱ። ጊዜያቸውን ሰጥተው ምን እንደተጻፈ ሳያዩ የቀሩ ሰዎች ቀጣዩን ተማሪ ደብዳቤውን ሳያነቡ ነው የሚመልሱት። በእጅ የገለበጣችሁትን የቲኬት መዝገብም በኤክሴል አድርጋችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ስጡ፤ ዋናው መዝገብ አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ከእሳትና ከዝናብ የሚተርፈው የእናንተው ፋይል ሊሆን ይችላል።